ዜና ቁርስ፤ ዐቃቤ ትኬት ገብረጻድቅ የአቃቂን ወንበር እንዳዳኑ

ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አራት መቶ ሰማንያ አራት ዓመት፣ ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ሳለ፣ ፓርቲ በየሰፈሩ በመፍላቱ ማኅተም ቀራጮች በበለጸጉበት ዓመት፣ ሊቶሪና የምትባለው ባቡርም በየቀኑ መምጣቷን ትታ ገና ጨርሳ ሳትቀር፣ የአቃቂ ሰው «ዛሬስ ትመጣ ይሆን?» እያለ ሐዲዱን አሻግሮ በሚያይበት ወራት፣ ክቡር ዐቃቤ ትኬት ገብረጻድቅ፣ የመስኮቱ ጌታ፣ የደወሉ አዛዥ፣ የሦስተኛ ማዕርግ ተሳፋሪ ሁሉ ፍርሃት፣ በአቃቂ ባቡር ጣቢያ በተሾሙ በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ የንጋት ሕዝባዊ ኅብረት የአቃቂ ቅርንጫፍ ሊቀ መንበር ሆነው ከተቀመጡ ገና ዓመት ሳይሞላቸው፣ ይህ ከዚህ በታች የተጻፈው ገድል ተፈጸመ።

ኅብረቱ በአቃቂ የነበረው ሀብት ሁለት ነበር፤ ማኅተሙና ወንበሩ። ማኅተሙ የምትወጣ ፀሐይ ተቀርጾበት ነበር፤ ነገር ግን ቀራጩ ቸኩሎ ጨረሮቹን ስላሳጠራቸው ፀሐይቱ ከድንች አትለይም ነበር። ወንበሩ ግን ወንበር ነበር። ድሮ በአንደኛ ማዕርግ ተሳፋሪዎች መቆያ ክፍል የኖረ፣ ባለ ክንድ፣ ቀይ ቆዳ የለበሰ፣ ጀርባው እንደ ጳጳስ መንበር ወደ ላይ የረዘመ ነው። አንደኛ ማዕርግ ከነተሳፋሪዎቹ ሲቀር እርሱ ብቻውን ቀርቶ፣ ዐቃቤ ትኬት ከምስጥ አስጥለው፣ በጣቢያው ሹም ፈቃድ ወደ ሳሎናቸው አግብተውት ነበር። ቁመታቸው አጭር ስለሆነ ሲቀመጡበት እግራቸው መሬት አይነካም፤ እርሳቸው ግን ይህን ከክብር ቈጠሩት። በጣቢያው መስኮት ቆመው የሚውሉ ሰው ናቸውና፣ በዓለም ላይ ተቀምጠው የሚናገሩበት ስፍራ ከእርሱ በቀር አልነበራቸውም።

ወእምዝ፣ ስብሰባው በየማክሰኞ ማታ ይጠራ ነበር። የሚመጡት ግን ባለ ከዘራው ኦቦ ጀቤሳ ብቻ ነበሩ፤ እኒህም ፋብሪካና ሐዲድ ከመምጣቱ በፊት መሬቱን ያረሱ ቤተ ሰቦች ሽማግሌ፣ የዕድሩ ዳኛና የቅርንጫፉ ምክትል ሊቀ መንበር ናቸው። አጀንዳውም ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ በወንዙ ላይ ያለው የእግር ድልድይ ሁለት ሳንቃ ከወደቀበት ሁለተኛ ክረምቱን ይዞ ነበርና፣ እርሱ ይጠገን የሚል ነው። ኦቦ ጀቤሳ ይጠገን ይላሉ፤ ሊቀ መንበሩ ይጠገን ይላሉ፤ ድመቲቱ ታዛጋለች፤ ስብሰባውም በሙሉ ድምፅ ይዘጋል።

በኅዳር ወር መባቻ ግን ከፒያሳ፣ ከዋናው ጽሕፈት ቤት፣ እንዲህ የሚል አዋጅ ወጣ፤ «እስከ ጥምቀት ድረስ መደበኛ ስብሰባ ጠርቶ ቤት ሙሉ ሰው ለመልእክተኛችን ያላሳየ ቅርንጫፍ ይታጠፋል። አባላቱ፣ ማኅተሙና ወንበሩ ለአጎራባቹ ቅርንጫፍ ይሰጣሉ።»

አጎራባቹም ቃሊቲ ነበር። የቃሊቲም ሊቀ መንበር ተሰማ የሚባል የመጋዘን ኃላፊ ነበር፤ ወገቡ ሰፊ፣ ምላሱ ከወገቡ የሰፋ። ይህ ሰው አቃቂ በመጣ ቁጥር ሰላምታውን ሳይጨርስ ወንበሩ ላይ ይሰየም፣ ክንዱንም በሬ እንደሚገዛ ሰው ይደባብስ ነበር። አዋጁን በሰማ ዕለት በቃሊቲ አደባባይ፣ ማለትም በሥጋ ቤቱ በር ላይ፣ እንዲህ ብሎ አወጀ፤ «የአቃቂ ሰው ባቡርም ሕዝብም ቆሞ ይጠብቃል፤ ሁለቱም አይመጡለትም። ወንበሩ የሚገባበትን ጥግ ጠርጌ አዘጋጅቻለሁ።» ይህም ቃል በጋሪ ተሳፍሮ አቃቂ ደረሰ፤ ዐቃቤ ትኬትም በሰሙት ጊዜ ትኬት መምቻውን በባዶ ወረቀት ላይ ደጋግመው መቱት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ጧት ሊቶሪናዋ ዘገየች። ዐቃቤ ትኬትም መስኮታቸውን ዘግተው በጣቢያው በር ወዳለው ወደ እመ ሻሂ ዲንቄ ሻይ ቤት ገቡ። በዚያም ከሌሊት ፈረቃ የወጡ የፈትል ፋብሪካ ሠራተኞችና ባቡር የቀረባቸው ነጋዴዎች ቦንቦሊኖ እየነከሩ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አንድ መንግሥት አፍርሰው ሌላ ሲያቆሙ፣ ሚኒስትር ሲሾሙና ሲሽሩ አገኟቸው። ያን ጊዜ የዐቃቤ ትኬት ልቡና በራ። ሕዝብ ማታ ፖለቲካ የማይወደው ጥርሱ ሥራ ስለፈታ እንደሆነ፣ ጧት ግን የሚያኝከው ካገኘ አገር እንደሚያቀና ተገለጠላቸው። ከሻይ ቤቱም እንደወጡ አዋጃቸውን በጣቢያው ሰሌዳ፣ ከባቡሩ መነሻ ሰዓት ሥር፣ በጠመኔ ጻፉ፤ «የአቃቂ ሕዝብ ሆይ! በመጪው ቅዳሜ ጧት በቤቴ የኅብረቱ ቁርስ በነፃ ተዘጋጅቷል። የራበው ሁሉ ይምጣ።»

የመጀመሪያው ዘመቻ ድል የተመታው በዚህ ቃል ነው። በአቃቂ ብዙ የሚራብ ሰው አለ፤ ራበኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ግን ከመንደሩ ቆርቋሪዎች ጀምሮ አልታየም። በዚያ ቅዳሜ አባላቱ ሁሉ በቤታቸው እስኪጠግቡ በሉ፤ በቤቱ የሚበላ የሌለውም መፋቂያ አፉ ውስጥ ሰክቶ፣ የበላ ሰው መስሎ፣ አርፍዶ መጣ። የዐቃቤ ትኬት ባለቤት እመቤት አቻምየለሽ፣ የምጣድ ንግሥት፣ የቅቤ ለጋስ፣ ከሌሊት ጀምራ ያዘጋጀችው ጨጨብሳ በሰፊ ትሪ ቀረበ። እንግዶቹም እንደ ወግ ልማዳቸው «በልተናል» አሉ።

ወግ ያለው ሰው እንዲህ ሲባል እንዴት እንደሚያደርግ የማያውቅ የለም። ይለምናል፣ ይቈጣል፣ በሞቴ ይላል፣ ያጎርሳል። ዐቃቤ ትኬት ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት በመስኮት የኖሩ ናቸው፤ በመስኮት ደግሞ አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፣ ቀጣይ ነው። እያንዳንዱን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቀው፣ በልቻለሁ ያለውን አመስግነው፣ ትሪውን ወደ ጓዳ አስመልሰው አጀንዳውን ከፈቱ። ስለ ድልድዩ በተነበበ ጊዜ የሰው ዓይን ሁሉ ከጓዳው በር አልተነቀለም። ሲወጡም በደጁ «አንዴ ብሎ ተወን! ይኼ ሰው ቁርስ ነው የጠራን ወይስ ሊፈትነን?» እያሉ አጉረመረሙ፤ በሚቀጥለውም ሳምንት አንድም ሰው አልመጣም።

ኦቦ ጀቤሳም ሊቀ መንበሩን ለብቻ ወስደው መከሩ፤ ሰው ካልተለመነ እንደማይበላ፣ ልመናውም መሐላ ካልገባበት ልመና እንዳልሆነ አስረዱ። ዐቃቤ ትኬት ትምህርት የሚቀበሉ፣ የተቀበሉትንም እስከ መጨረሻው የሚያደርሱ ሰው ናቸውና ሁለተኛውን ዘመቻ በጥንቃቄ ነደፉ። ባቡር የማያልፍበትን፣ እርሳቸውም ነፃ የሚሆኑበትን ቀን ከባቡሩ መርሐ ግብር ላይ ፈልገው አገኙ። ቀኑም ዓርብ ነበር። ወሩ ታኅሣሥ፣ ጾሙ የነቢያት ጾም መሆኑ ግን በባቡሩ መርሐ ግብር ላይ አልተጻፈም።

እመቤት አቻምየለሽ ያን ሰሞን የታመመ ዘመድ ልትጠይቅ ወደ ደብረ ዘይት ወርዳ ስለነበር የሚከለክል አልተገኘም፤ የእንቁላል ፍርፍሩንም በቅቤ አብስለው ያመጡት ከፋብሪካው መዝናኛ ክበብ ነው፤ እዚያ ያለው ወጥ ቤት ያዘዙትን ይሠራል እንጂ አይጠይቅም። አባላቱ ለድልድዩ ሲሉ መጥተው ተቀመጡ። ክዳኑ ሲከፈት የቅቤው ሽታ ሳሎኑን ሞላው፤ ሴቶቹ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ፤ ኦቦ ጀቤሳ ወደ ጣሪያው አዩ። ዐቃቤ ትኬት ግን ዝምታው ይሉኝታ መስሏቸው፣ በተማሩት መሠረት ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞሩ፣ «በሞቴ!» አሉ፤ «አፈር ስሆን!» አሉ፤ «ቅበሩኝ!» አሉ። ሰውም በየመሐላው አንገቱን እየደፋ አማተበ። ከጉባኤው ሁሉ የበላው ጴንጤው በያጅ ያደታ ብቻ ነው፤ እርሱም የሰው ዓይን እየገረፈው፣ ሰርቆ እንደሚበላ ሰው ጎርሶ ጎርሶ ወጣ። በማግስቱ በመንደሩ የተወራው ስለ ድልድዩ አልነበረም። ገብረጻድቅ በጾም ዓርብ ቅቤ ይዞ፣ በገዛ ሞቱ እየማለ ክርስቲያን ሊያስገድፍ ሞከረ፤ እንዲህ ያለ መሐላ ሳይውል ሳያድር ይደርሳል ተባለ። ይህ ቃል ኋላ የሚጠቅም ነውና አንባቢ ያስቀምጠው።

ገና አለፈ፤ ጥምቀት ቀረበ። የፒያሳው መልእክተኛ በመጪው ቅዳሜ ጧት እንደሚመጣ ተነገረ። ተሰማ ወንበሩን የሚጭንለት ጋሪ ተስማምቷል የሚል ወሬም ደረሰ። ያን ማታ ዐቃቤ ትኬት ወንበሩ ላይ ወጥተው፣ እግራቸውን አንጠልጥለው፣ እራት ሳይበሉ ተቀመጡ። ቃሊቲ ለስብሰባ ሄደው በኋላ ረድፍ፣ በአግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ተሰማ ወንበሩን በሬ እንደሚገዛ ሰው ሲደባብሰው ሊያዩ መሆኑን አሰቡ፤ ዓይናቸውም ውሃ አቀረረ።

እመቤት አቻምየለሽም ከጓዳ ወጥታ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ በታሪክ የሚኖረውን አዋጅ አወጀች፤ «አንተ ሰውዬ፣ ቤቴን ሆቴል አድርገኸው ከረምክ። ሰው ብላ ስለተባለ አይመጣም፤ አገር ይቅና ስለተባለም አይመጣም። ሰው የሚመጣው መቅረት ሲያሳፍረው ነው። ይኼን ካላወቅህ ወንበሩንም አንተንም ተሰማ ይውሰዳችሁ።»

ዐቃቤ ትኬት ቃሉን እንደ ትኬት ወዲያና ወዲህ እያገላበጡ መረመሩት። በአቃቂ ሰው መቅረት የሚያፍርበት ጥሪ የትኛው ነው? ሌሊት በዝናብ፣ በጭቃ፣ በበሽታም ቢሆን የማይቀርበት? መልሱን በማግስቱ ነፋሔ ቀርን ዱጉማ ደጃፍ አገኙት። ዱጉማ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ነበር፤ ድምፁ ከቱሉ ዲምቱ ኮረብታ ተጋጭቶ ይመለሳል ይባልለታል። ዐቃቤ ትኬት በአክብሮት ለመኑት፤ ለቅሶ ሳይሆን ቁርስ እንደሆነ፣ ለቅስቀሳ እንጂ ለሌላ እንዳልሆነ ደጋግመው ነገሩት። ዱጉማም ቃል በቃል አጥንቶ፣ ቅዳሜ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ጡሩምባውን ሦስት ጊዜ ከነፋ በኋላ በየመንገዱ እንዲህ ሲል ለፈፈ፤ «ገብረጻድቅ ቤት! የባቡር ጣቢያው ገብረጻድቅ ቤት! ለቁርስና ለስብሰባ ኑ!»

አንድም ቃል አላጎደለም፤ አንድም አልጨመረም። ነገር ግን በአቃቂ ጡሩምባ ከተነፋ በኋላ ከቤቱ ስም አልፎ የሚሰማ ጆሮ የለም። ሰው ስሙን እንደሰማ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል። «አላልኩም? በጾም በሞቴ ሲል!» ያላለ ቤት አልነበረም።

ወኮነ ዐቢይ ብካይ፤ ታላቅም ለቅሶ ሆነ። በቀኝ በኩል የፈትል ፋብሪካው ሴቶች ጥጡ ከፀጉራቸው ሳይራገፍ መጡ። በግራ የብረታ ብረቱ ሠራተኞች፣ በፊታቸውም በዚያ የጾም ዓርብ በበላው ፍርፍር ልቡ የተሰበረው በያጁ ያደታ። ከኋላቸው ጋሪ ነጂዎች ከነፈረሶቻቸው፣ ከእርሻ መንደሮቹ የተረፉት አዛውንት ከነከዘራቸው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በመስኮቱ የተቈጡ ተሳፋሪዎች ከነይቅርታቸው። እመ ሻሂ ዲንቄ ሻይ ቤቷን ዘግታ አንድ ድስት ንፍሮ ተሸክማ መጣች። እመቤት አቻምየለሽ ጩኸቱን ሰምታ ማማሰያዋን እንደያዘች ወደ ደጅ ብትወጣ ሴቶቹ አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ፤ እርሷም እንደ ደንቡ መጀመሪያ አልቅሳ ኋላ ልትጠይቅ ብላ፣ ወንድሜ ነው ወይስ እኅቴ እያለች በልቧ፣ ደረቷን መታች። ለማን እንደምታለቅስ ሳታውቅ ከሁሉ አብልጣ አለቀሰች።

ወሬው ቃሊቲ በደረሰ ጊዜ ተሰማ የቅርንጫፉን አባላት ሁሉ ሰብስቦ መጣ። ለሟች ክብር መጣ፤ ጋሪውንም አስከትሎ መጣ። አቋራጩን በእግር ድልድዩ ሲያልፍ ሳንቃ በሌለበት ረግጦ እስከ ጭኑ ወንዝ ገባ፤ ነገር ግን አልተመለሰም፤ ውሃው ከሱሪው እየተንጠባጠበ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ በዓይኑ ወንበሩን እየፈለገ ሳሎን ገባ።

በሳሎኑም ውስጥ ሟቹ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር።

የጣቢያ ባርኔጣቸውን አጥልቀው፣ አዝራራቸውን አብርተው፣ እግራቸውን አንጠልጥለው ዐቃቤ ትኬት ገብረጻድቅ ቤቱ ሲሞላ፣ ግቢው ሲሞላ፣ ሰው በመስኮት ሲንጠለጠል አዩ። ሕዝቡ ስለምን እንደሚያለቅስ አልመረመሩም፤ ፖለቲካ ልብ ከነካ እንዲህ ነው ብለው አሰቡ። ከፊት የነበሩት ለቅሷቸውን አቋርጠው አማተቡ፤ ከኋላ ያሉት ስላላዩ ማልቀሳቸውን ቀጠሉ። ተሰማ ግን ያን ጊዜ ገና ከልቡ አለቀሰ፤ ከመጡት ሁሉ እውነተኛ እንባ ያፈሰሰ እርሱ ነው ይባላል። በዚያው ቅጽበት የፒያሳው መልእክተኛ በሕዝቡ መካከል እየተጋፋ ደረሰ፤ ሊቀ መንበሩም ቆመው፣ ቢቆሙም ከመቀመጣቸው ሳይረዝሙ፣ የኅብረቱን ፕሮግራም ማንበብ ጀመሩ።

መልእክተኛው ከአንቀጽ ሁለት አላለፈም። የታጨቀውን ሳሎን፣ የታጨቀውን ግቢ፣ ውሃ እየተንጠባጠበበት ሲቃ የያዘውን የቃሊቲ ሊቀ መንበር አየ፤ አንገቱን እየነቀነቀ ወጥቶ በዚያው ዕለት ፒያሳ ላይ እንዲህ ብሎ አወጀ፤ «በየቅርንጫፉ ዞሬአለሁ። ፕሮግራማችን ሲነበብ ሕዝብ ሲያንቀላፋ እንጂ ሲያለቅስ ያየሁት በአቃቂ ብቻ ነው። አቃቂ አይታጠፍም፤ ቃሊቲ ይታጠፍና ለአቃቂ ይጨመር።»

መልእክተኛው እንደወጣ ግን ነገሩ ለአቃቂ ሰው ተገለጠለት። ጡሩምባ ተነፍቶ ሬሳ አልተገኘም፤ እንዲህ ያለ ነውር በዕድሩ ታሪክ አልተሰማም። ከፊሉ ዱጉማን ሊከስ፣ ከፊሉ ገብረጻድቅን ከዕድር ሊያስወጣ፣ ከፊሉም ንፍሮውን ይዞ ሊመለስ ተነሣ። ዱጉማ ቁርስ ብያለሁ እያለ በልጆቹ ማለ። ዐቃቤ ትኬትም ወንበር ሊያድኑ ብለው ከዕድር ሊወጡ ሆነ፤ በአቃቂ ደግሞ ከዕድር የወጣ ሰው ሞቶም የሚያነሣው የለም። ያን ጊዜ ዳኛው ኦቦ ጀቤሳ በከዘራቸው መሬት መቱ፤ እንዲህም ፈረዱ፤ «ጡሩምባ በከንቱ አይነፋም። ተነፍቷል፤ ስለዚህ የሞተ አለ። ሰውየው ካልሞተ ስብሰባው ሞቷል በሉ፤ ሲያጣጥር የኖረ ነው፤ ነፍሱን ይማር። ቁርሱ ግን ከለቅሶ ቤት የማይቀመስ ነገር የለምና ይቅረብ። በየቅዳሜውም ይሁን፤ የቀረ ለቅሶ እንደቀረ ይቈጠርበታል።»

ሕዝቡም በአንድ ቃል ይሁን አለ። ዐቃቤ ትኬት በደስታ ወደ ወንበራቸው ሊመለሱ ሲሉ ሽማግሌው በከዘራቸው ደረታቸውን ገታ አድርገው፣ በለሆሳስ፣ ለእርሳቸው ብቻ እንዲህ አሉ፤ «ገብሬ፣ ጡሩምባ የተነፋለት ሰው ወንበር ላይ አይቀመጥም። ተው፤ እኔ ተቀምጬ ልመርቅ።»

ኦቦ ጀቤሳ ተቀመጡ፤ እግራቸው መሬት ነካ፤ መረቁም። ጨጨብሳውና ንፍሮው በአንድ ትሪ ቀረበ። «በልቻለሁ» ያለ አልነበረም፤ በለቅሶ ቤት ማንም እንዲህ አይልምና። ተሰማም እርጥብ ሱሪውን እሳት ዳር እያሞቀ ሦስት ጊዜ አስጨመረ።

እነሆ ከዚያን ቀን ጀምሮ ብዙ ዘመን አለፈ። የንጋት ኅብረት ከሌላ ኅብረት ጋር ተዋሕዶ፣ ተከፍሎ፣ ስሙን ለውጦ፣ ኋላም ማኅተሙ የት እንደገባ ጠፋ። ሊቶሪናዋ ሄዳ ቀረች፤ በሐዲዱ መካከል ፍየል ጋጠ። የአቃቂ የቅዳሜ ቁርስ ግን አንድም ቀን አልታጎለም። ቀይ ወንበሩም በሳሎኑ ነው፤ ኦቦ ጀቤሳ ሲያርፉ የሚከተላቸው ሽማግሌ፣ ከእርሱም በኋላ ቀጣዩ እየተቀመጠበት ይመርቃል። የእግር ድልድዩ የጎደለው ሳንቃ ከሁለት ሦስት ደርሷል፤ አባላቱም ከማዶ ሲመጡ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይሻገሩታል፤ በቁርስ ላይ ግን ስለ እርሱ የሚናገር የለም፤ የሞተ ስብሰባን አጀንዳ ማንሣት ነውር ነውና።

ምስጋና ለዐቃቤ ትኬት ገብረጻድቅ ይሁን፤ ቃሊቲን ያለ ጦር ላስገበሩ፣ ሕዝብን በጡሩምባ ለሰበሰቡ፣ ሳይሞቱ ለተለቀሰላቸው፣ አንዴ ብቻ መጠየቅን ትተው በሞቴ ማለትን ለተማሩ። ወንበሩን ከጠላት እጅ ያዳኑ እርሳቸው ናቸው፤ ዛሬም በየቅዳሜው ጧት ባርኔጣቸውን አጥልቀው፣ በራዱን ይዘው፣ ከወንበሩ ጎን ቆመው ሻይ ይቀዳሉ።